የአሥራ አራቱ ደቂቃ ተጠያቂ

ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር ለሰፈሩ እድር ማመልከት ነው። የወላጆቼ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል፤ የግቢው በር ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም፤ ይህ ሁሉ ይደርሳል። ብቻዋን የምትኖር ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ግን እድር ከሌላት፣ የሞተች ዕለት ድንኳን የሚተክልላት፣ ቃሬዛ የሚሸከምላት ሰው የላትም። ወንድሞቼ አልፈዋል፤ ልጅም አልወለድሁ። ስለዚህ ማመልከቻዬን በጥሩው የእጅ ጽሑፌ ጽፌ ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠሁ። ጸሐፊው ትሑት ጎልማሳ ነው። ስሜን ሲያነብ ጆሮውን ማከክ ጀመረ።

«እትዬ የሺ፣ ይቺ ነገር... በወሩ መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤ ትታያለች» አለኝ።

«ሰው ሁሉ ባመለከተበት ዕለት ይመዘገብ የለም?»

«ይመዘገባል።»

«እና እኔ ምን ሆኜ ነው?»

«የእድሩ ዳኛ አያ አለባቸው ናቸው» አለኝ።

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም። አያ አለባቸው በዚህ ከተማ ለዓመታት ስለ አንዲት ሴት ሲያወሩ ኖረዋል። የእህታቸውን ሞት ለእህታቸው ልጅ በወረቀት አረዳች ይላሉ፤ የአውሮፕላን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ያውም የገዛ አገራቸው ልጅ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ታሪኩም እውነት ነው። ግን እሳቸው የሚያውቁት ሩቡን ነው። ሌላው ሩብ አለቃዬ ዘንድ አለ፤ እሱ ደግሞ አይናገረውም። ቀሪው ግማሽ እኔ ዘንድ ነው። ጉባኤው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ስላለኝ ልጻፈው።

የሠራሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም። የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ ቢያነቡት ግን ራሳቸውን አያጡትም።

ሥራ የጀመርሁት ባሕር ዳር በቲኬት መስኮት ነው። ያኔ ቲኬት በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ከሥሩ ካርቦን እያደረግን። የእጅ ጽሑፌ የተመሰገነው በዚያ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርሁና ከሁለት ዓመት በቀር እስከ ጡረታዬ ድረስ አንድ ሥራ ሠራሁ፤ አውሮፕላን መነሳት ሲያቅተው ከተሳፋሪ ፊት መቆም። ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ «መሰደብ» እለው ነበር። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ «አንቺን ዓይነቷን ሴት ለቤቴም ሠራተኛ አልቀጥር» አለኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ ተዘጋበትና ቻርጀር ለመነኝ። ሰጠሁት። የማይሠራውን ነው የሰጠሁት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የተረኞች ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸውን ራሳቸው ላይ ሳይሆን ብብታቸው ውስጥ የሚያደርጉ ሰው። በረራ ሲዘገይ ሌላው ኃላፊ ወደ ቢሮው ይገባል፤ እሳቸው ከቢሮ ይወጡ ነበር። ማይክራፎን አይወዱም። «በማይክራፎን ስትናገሪ ፊታቸውን አታዪም፤ ፊታቸውን ካላየሽ ምን እንደነገርሻቸው አታውቂም» ይሉኝ ነበር። ሰልፉን ሁልጊዜ ከጭራው ነው የሚጀምሩት። ከፊት የቆመ ሰው ችግሩን ሳይጠየቅ ይናገራል፤ እንዲያውም ይጮኻል። ከኋላ የቆመው ግን ያልጮኸው ችግር ስለሌለበት አይደለም፤ ሰው ማስቸገር ስለማይወድ ነው። እውነተኛው ችግር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሰዓት አነጋገራቸው ነው። «በቅርቡ እንነሳለን» ብለው አያውቁም። «መቼ እንደምንነሳ አላውቅም። በሦስት ሰዓት ግን እዚሁ ተመልሼ የማውቀውን እነግራችኋለሁ» ይላሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። የሚነግሩት ባይኖርም ይመጣሉ። «አዲስ ነገር የለም። በሦስት ተኩል እመለሳለሁ።» ሰው አውሮፕላኑን መጠበቅ ትቶ እሳቸውን መጠበቅ ይጀምራል። ባዶ እጃቸውን ሲመጡ እንኳ ፈገግ እያለ የሚቀበላቸው ነበር። እኔ በዚህ እቀና ነበር፤ ልደብቀው አልችልም።

ሦስተኛው ጥያቄያቸው ነው። ተሳፋሪን «ወዴት ነዎት?» አይሉትም፤ እሱ ቲኬቱ ላይ አለ። «እዚያ ማን ይጠብቅዎታል?» ነው የሚሉት። መልሱን ሰምተው ከስሙ አጠገብ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። አንድ ነጥብ፣ መቆየት ይችላል። ሁለት ነጥብ፣ ቢደርስ ጥሩ ነው። ሦስት ነጥብ፣ የመጣው ቢመጣ ዛሬ መሄድ አለበት። ቃል አይጽፉም። አንድ ቀን «ምክንያቱን ለምን አይጽፉትም? ካስፈለገ እኔ ልጻፍልዎ» አልኋቸው፤ ጽሑፌን እንዲያዩልኝም ፈልጌ ነበር።

«የሺ፣ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል» አሉኝ። «ሰውየው ለእኔ የነገረኝን ለበረኛው አልነገረውም።»

ሰማኋቸው። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም።

አሁን ወደ አቶ ጌታነህ ልምጣ። «አቶ» የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ጌታነህ ከእኔ በኋላ ተቀጥሮ በእኔ ላይ የተሾመ ሰው ነው። ለቦታው ሁለታችንም ተፈትነን ነበር። ማን እንደበለጠ አልናገርም፤ የውጤቱ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እሱ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሠላሳ ደቂቃ። መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ መሬት ላይ ቢዘረጋው እንኳ ጌታነህ «ሠላሳ ደቂቃ በሏቸው» ይላል። ሠላሳው ሲያልቅ ሌላ ሠላሳ። አንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ብያለሁ። በዘጠነኛው ገና አፌን ስከፍት አዳራሹ ሁሉ እንደ መዘምራን ባንድ ድምፅ «ሠላሳ ደቂቃ!» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ለዘገዩ ተሳፋሪዎች ምግብ ማዘዝም የሱ ሥልጣን ነበር። በአንድ ረቡዕ ቀን ለባሕር ዳር ተሳፋሪዎች የእንቁላል ሳንድዊች አዘዘ። ያን ሁሉ ሳንድዊች! አዳራሹ ነጠላ በለበሱ ሴቶችና በጿሚ ሽማግሌዎች ተሞልቷል፤ ሰዉ ሳንድዊቹን እያየ ያማትባል። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ በየወሩ የሚመላለሱ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። አንዱን አነሡና ቆመው «ጎረቤቶቼ! የዛሬው ግብዣ ለእኔ ብቻ መሆኑን ማን ነገራቸው? አላህ ይስጥልኝ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወደ እኔም ዞር ብለው «የሺ፣ ለአለቃሽ ንገሪልኝ፤ በረመዳን ደግሞ ምሳ ይጋብዘኝ» አሉኝ። ጌታነህ በቢሮው መስታወት ሲያይ ሰው ሁሉ ይስቃል። ግብዣው የተወደደለት መስሎት እጁን አውለበለበልን።

እንግዲህ ያ ቀን። ጠዋት በአንድ ሰዓት የሚነሳው የባሕር ዳር በረራ ሰው ገብቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ከአብራሪው ፊት አንድ ትንሽ ቢጫ መብራት አልጠፋ አለች። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ውስጥ ማቆየት ወይስ ማውረድ የሚለው ነው። ብታወርዳቸው እንደገና ለማሳፈር ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ብታቆያቸው ይሞቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽንት ቤቱ ይበላሻል። የጋሽ ደምሴ ደንብ ቀላል ነበር፤ መካኒኩ ሰዓት መናገር ካልቻለ ሰው ይውረድ። የዚያን ዕለት ግን በዚያ በረራ ላይ ኃላፊው ጌታነህ ነው። ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶውን አስሮ ተቀመጠ።

እኔ ደረጃውን ወጥቼ በሩ እንዲከፈት፣ ውሃም እንዲታደል አደረግሁ። ከዚያ ዝርዝሩንና እርሳሴን ይዤ ከኋላ ወንበር ጀመርሁ። ሙሉ የምትባል ወጣት ሴት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ከአረብ አገር ከአራት ዓመት በኋላ ትናንት መግባቷ ነው። ከጎኗ አጎቷ አያ አለባቸው፤ ደብረ ታቦር ድረስ ይዘዋት ሊሄዱ መጥተዋል።

«እዚያ ማን ይጠብቅሻል?» አልኋት።

«እናቴ። ትንሽ አሟት ነው» አለችኝ።

አጎትየው ተነሥተው ወደ መጨረሻው መጋረጃ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አነጋገርሽ የእኛ አገር ይመስላል» አሉኝ።

«የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እግዜር ነው አንቺን የሰጠኝ። እናቷ ትናንት አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይቺን ልጅ ብለን ነው እስከዚያ ያቆየነው። ከዘጠኝ አያልፍልንም። እሷ አታውቅም። ቤት ስትደርስ ዘመድ ዙሪያዋን ይዞ፣ ተቀምጣ ነው የምትረዳ። ብቻ ዛሬ አድርሱን።»

መርዶ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔንም «ትንሽ አሞታል» ብለው ነው ከባሕር ዳር ያመጡኝ። ስለዚህ ከልጅቱ ስም አጠገብ ሦስት ነጥብ አደረግሁ። እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር የለም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ያቺ መብራት እንደማትጠፋ ተወሰነና ሰውን አወረድነው። ሌላ አውሮፕላን ተገኘ፤ በአምስት ሰዓት ይነሳል። ችግሩ አውሮፕላኑ አነስ ያለ መሆኑ ነው፤ ሃያ ሁለት ሰው ይቀራል። ለቀሪው ሰው የነገ በረራ ነው። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚፈርመው ጌታነህ ነው። ቢሮው ውስጥ የያዘው ስብሰባ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄ ገባሁበት። ቦታውን ለሚሰጣቸው ሰዎች ሰጥቶ ጨርሶ ኖሮ በእጁ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

«ምክንያቱ ይጻፍ» አለኝ።

«ጽፌዋለሁ። አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ።»

«የቤተሰብ ጉዳይ የሌለው ማን አለ? እኔም አለኝ። ግልጽ አድርጊው፤ ነገ ለሚጠይቀኝ የማሳየው እፈልጋለሁ።»

ሌላ ወረቀት ወሰድሁ። በዚያ በተመሰገነ ጽሑፌ፣ ፊደሉን አጉልቼ «ለእናቷ ቀብር» ብዬ ጻፍሁ። ፈረመ። በደንቡ መሠረት የተፈረመው ወረቀት በስቴፕለር ከመሳፈሪያ ካርዱ ጋር ይመታል፤ በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ያየዋል። መታሁት።

በዚህ ላይ ጌታነህን ለዓመታት በልቤ ስከስሰው ኖሬያለሁ፤ ክሱንም አላነሣም። ነገር ግን ምክንያቱን የጻፈው እጅ የሱ አይደለም።

አያ አለባቸው ቦታ የተገኘው ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ልጅቱ ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች? ወረፋ ውስጥ ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ ስማቸው በሁለተኛው አውሮፕላን ላይ አለ። አጎትየውን ወደ ጎን ወስደው ጠየቋቸውና ተረዱ።

«አያ፣ የእኔ ጨርቅ ነገም ይሸጣል» አሉ። «የእኔን ወንበር ይያዙት። ሾፌሬም ባሕር ዳር መኪና ይዞ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ደውዬ እነግረዋለሁ፤ በሐሙሲት በኩል ሳይቆም ያደርሳችኋል።»

ስሙን ለማዘዋወር ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ቀጣዩ መስኮት ሄዱ። ሙሉ በዚያ ጊዜ ወደ እኔ መጣች። በእጇ ለእናቷ የገዛችው ብርድ ልብስ አለ፤ በዚፕ ቦርሳው ውስጥ እንደታጠፈ።

«እህቴ፣ የእኔ ካርድ ደርሷል?» አለችኝ።

«ደርሷል፣ የኔ ቆንጆ» አልኋት። ከጠዋት ጀምሮ የምሥራች የሰጠሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። ደስ ብሎኝ ነበር። ካርዱን ከነወረቀቱ እጇ ላይ አኖርሁት። ፈገግ እንዳልሁም አስታውሳለሁ።

አምስት ስድስት እርምጃ ሄደች። ቆመች። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«የማን እናት?» አለችኝ።

ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«የማን እናት ናት?»

ከዚያ ጮኸች። ብርድ ልብሱ ወደቀ። አያ አለባቸው ከመስኮቱ ሲሮጡ መጡና ወረቀቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ልጅቱን ለመያዝ ጎንበስ አሉ። ከእኛ አገር የሆኑ ሴቶች ከየወንበሩ ተነሡ። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከበቧት። የማያውቋትን ልጅ «እናትዋ! እናትዋ!» እያሉ አለቀሱላት። የበረራ መጠበቂያው አዳራሽ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ጌታነህ ከቢሮው ወጣ። በዚያን ዕለት ሲወጣ ያየሁት ይህን ጊዜ ብቻ ነው።

«በዚህ ሁኔታ ሰው አይበርም። ቦታዋን ለሌላ ሰው ስጡት፤ በሩን እንዝጋ» አለ።

ጋሽ ደምሴ ከሌላኛው በር ጩኸቱን ሰምተው መጥተዋል። ሙሉ ወደ ተቀመጠችበት ወደ መሬቱ ዝቅ ብለው ከነዩኒፎርማቸው ከጎኗ ተቀመጡ። «አይዞሽ» አላሏትም፤ «ዝም በይ» አላሏትም። ትከሻቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ። ጌታነህ ከላይ ቆሞ «ጋሽ ደምሴ፣ ሰምተውኛል?» አለ።

ቀና ብለው አዩት። «ጌታነህ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስጠኝ» አሉት።

እንዲህ ባለ ሰዓት መሳቅ ነውር ነው። ከኋላዬ የቆሙት ሐጂ ኑሩ ግን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ደምሴ የወሰዱት ሠላሳ አይደለም፤ አሥራ አራት ነው። ሙሉ አለቀሰች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና «ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ነገሯት። «ተነሡ፤ እንድረስ» አለች፤ እጇን ለአጎቷ ዘርግታ በራሷ እግር ተነሣች። ጋሽ ደምሴ እስከ ደረጃው ሸኟት፤ አብራሪውንም ራሳቸው አነጋገሩት። አያ አለባቸው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንቺ የደብረ ታቦር ልጅ አይደለሽም» አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የያዝሁት ይህን ነው። ሌላው ተረስቷል።

ሐጂ ኑሩ የነገው በረራ እስኪደርስ ወደ ሆቴል መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም። ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስልካቸውን ይዘው ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ተኩል አለፈ። ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጠራ።

«ሾፌሬ ነው» አሉኝ፤ ሰሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ደርሰዋል። ሬሳው ከቤት አልወጣም።»

ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ምን እንዳደረግሁ ለማንም አልናገርም።

በረራው በአንድ ሰዓት መነሳት ነበረበት፤ የተነሣው በአምስት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ ደቂቃ ምክንያት ይጻፍ ይላል ደንቡ። አራቱ ሰዓት «ቴክኒክ» ተባለ፤ ሰው ሁለት ሰዓት ለምን ቀበቶ አስሮ እንደተቀመጠ የጠየቀ የለም። አሥራ አራቷ ደቂቃ ግን ባለቤት ተገኘላት። «ለበረራ መዘግየት ምክንያት በመሆን» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ፈራሚው ጌታነህ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት የጠፉ ሻንጣዎች ክፍል ተላክሁ። እዚያ ደስ ብሎኝ ሠራሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው። ሻንጣ አይሳደብም። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ሳይታወቅ ሽሮና በርበሬ የሞላ ሻንጣ ተቀዶ ክፍሉ ሁሉ ለሳምንት ሲያስነጥስ ሰነበተ። ጌታነህ ሊቆጣጠረን መጥቶ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልመጣ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡት በዚያው ዓመት ነው። ሊሰናበቱኝ ሻንጣ ክፍል ድረስ መጡ። ስለዚያ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም ነበር።

«ለምንድን ነው ያልተቆጡኝ?» አልኋቸው።

«ልቆጣሽ መጥቼ ነበር» አሉኝ። «ፊትሽን ሳይ ተውሁት።»

ወደ መስኮቴ ስመለስ ምክንያት በቃል መጻፍ አቆምሁ። የሚቆጣኝ ቢቆጣኝ ነጥብ ብቻ አደርግ ነበር፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም ተከተሉኝ። ከዓመት በኋላ ጌታነህ «የአስቸኳይ ተሳፋሪዎች ምክንያት በምልክት ብቻ ይገለጽ» የሚል ሰርኩላር አወጣ፤ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ። ለዚህ አዲስ አሠራሩ የምስክር ወረቀት ተሰጠውና ቢሮው ውስጥ ሰቀለው። በበሩ ባለፍሁ ቁጥር በጣቴ ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ እሄድ ነበር። «ማነው?» እያለ ይወጣል። እስክለቅ ድረስ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ አሁን ያውቃል።

በስንብቴ ዕለት ንግግር ያደረገውም እሱ ነው። «የሺ ታታሪ ነበረች፤ አንዳንዴ ግን ከሚገባው በላይ ትጽፍ ነበር» አለ። የሚያውቁት ሳቁ፤ የማያውቁት ስለሳቁ ሳቁ። እኔ ኬኬን በላሁ። ኬኩ ጥሩ ነበር።

እስከዚህ ያለውን የጻፍሁት ከጉባኤው በፊት ነው። ጉባኤው ባለፈው እሑድ ተደረገ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አያ አለባቸው አርጅተዋል፤ በትራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አጋድመው በመሃል ተቀምጠዋል። ሌላው ጉዳይ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የእኔን ያነሡት።

«አመልካቿን ታውቋታላችሁ» አሉ።

«እናውቃታለን» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፤ በጎ አይመስልም።

«እስቲ ትናገር።»

ተነሣሁ። ይህን የጻፍሁትን ወረቀት ይዤ ነበር። ልዘረጋው ስል አንዲት አሮጊት «ውይ! ደግሞ በወረቀት!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስሁት።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «እጇ ላይ ያኖርሁትም እኔው ነኝ። የመርዶን ሥርዓት የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ወንበሩ ስለተገኘ ደስ ብሎኝ ሌላውን ረሳሁት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ጌታነህን አልጠራሁትም። እሱን ለዚህ ጽሑፍ ነው ያስቀመጥሁት።

በሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ተነሣች። እጅጌዋ ላይ ክር ተጣብቋል፤ ከስፌት መኪና ላይ ተነሥታ የመጣች ትመስላለች። እስክትናገር ድረስ አላወቅኋትም። ሙሉ ናት፤ በእናቷ ቦታ የእድሩ አባል ሆናለች።

«አጎቴን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ» አለች። «ለሰው ሻንጣ ተሸክመው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ከየቦታው።

«ያን ቀን ሦስቱን ሻንጣዬን ተሸከሙልኝ። በየደቂቃው ውሃ ጠጪ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። እኔ ከወረቀቱ በፊት አውሮፕላኑ ውስጥ ጠርጥሬ ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አያ አለባቸው። ሰዉ ይስቃል፤ እሳቸውም ጢማቸውን ይዳብሳሉ።

ሙሉ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ ሳቋ የለም። «ቢሆንም ቆሜ ባላነበው ይሻለኝ ነበር። ይህን አልተውሁትም» አለችኝ። «የእናቴን ፊት ያየሁትም አንቺ ባስያዝሽኝ ወንበር ሄጄ ነው። ይህንንም አልተውሁትም።» ብላ ተቀመጠች።

አያ አለባቸው በትራቸውን አንሥተው መልሰው አጋደሙት።

«ትመዝገብ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሥራ ይሰጣት።»

«ምን ሥራ?» አለ ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ።

«መርዶ ከሚያረዱት ጋር ትሂድ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

«ያለ ወረቀት» አሉኝ።

«ያለ ወረቀት» አልሁ።

ትናንት ጠዋት ጠሩኝ። ልጁ በመኪና አደጋ የሞተበት ሰው ቤት አራት ሆነን ሄድን። የሚናገሩት ሌላ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ቀድሜ ገብቼ ከሰውየው ጎን ተቀመጥሁ፤ ትከሻዬን አስጠግቼ፣ ገና ምንም ሳይባል።